የ21 ቀኑ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። የጀመርነውን የቤት ኪራይ ጉዳይ ለሌላ ጊዜ አቆይቼዋለሁ፤ የታችኛው ፎቅ ጎረቤቴ፣ ያቺ በየበዓሉ ድፎ ዳቦዋን የማነሳላችሁ፣ ሰሞኑን የገጠማት ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል።

እዚህ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ በልጇ ክፍል አንድ ተማሪ ኩፍኝ ያዘውና ትምህርት ቤቱ የክትባት ማስረጃ የሌላቸው ልጆች ለ21 ቀን እንዳይመጡ ደብዳቤ ላከ። ሕጉን እደግፋለሁ። የኩፍኝ ቫይረስ በሽተኛው ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እንኳ ለ2 ሰዓት ያህል አየር ላይ ሊቆይ ይችላል፤ ሽፍታው ከመውጣቱ 4 ቀን ቀደም ብሎ ይተላለፋል፤ ካልተከተቡ 10 ሰዎች 9ኙን ይይዛል። በካንሰር ሕክምና ላይ ስላለ መከተብ የማይችል ልጅ ዋነኛ ከለላው የሌሎቹ መከተብ ነው።

ጎረቤቴ ግን ልጇን አስከትባለች። እንዳስተረጉምላት ጠርታኝ አብረን ሄድን፤ የክትባት ካርዱን ከላስቲክ ውስጥ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ጸሐፊዋ ካርዱን አገላብጣ አየችና ቀኑ ላይ ጣቷን አሳረፈች፦ 12/5/2009። ልጁ የተወለደው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 ስለሆነ፣ ከመወለዱ ከ6 ዓመት በፊት ተከተበ ማለት ሆነባት። ጥር 12 ቀን 2009 ዓ.ም. መሆኑን፣ ይህም በእነርሱ ጃንዋሪ 2017 እንደሚውል አስረዳሁ፤ አመነችኝም። ጎረቤቴ «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» ብላ ቦርሳዋን አነሳች። በዚህ መሐል ነርሷ መጣችና ዕድሜውን አሰላች፤ 9 ወር። እዚህ አገር የሚቆጠረው ልጁ አንድ ዓመት ከሞላው በኋላ የተሰጠ ክትባት ነው።

ጎረቤቴ «ታዲያ ያኔ የወጉት ምን ነበር?» አለችኝ።

አገራችን በ9 ወር የምትከትበው በሽታው ጨቅላዎችን ቀድሞ ስለሚያገኛቸው ነው። በዚያ ዕድሜ ከተከተቡት 85 በመቶ ያህሉ መከላከያ ያዳብራሉ፤ በ15 ወር የሚሰጠው ሁለተኛ ዙር የተጀመረው ደግሞ በአውሮፓውያኑ 2019 ነው፤ ያኔ ልጁ ወደ ሦስት ዓመት ተጠግቷል። በዲቪ ቢመጡ ኖሮ ለቪዛው በሚደረገው የጤና ምርመራ ይከተብ ነበር፤ የእነርሱ አመጣጥ ግን ሌላ ነው። ከተጋለጠ በ72 ሰዓት ውስጥ ቢከተብም ወደ ክፍሉ ሊመለስ ይችል ነበር። ደብዳቤው ግን በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ ቅዳሜና እሑድን ፖስታ ሣጥን ውስጥ አሳልፎ ነው የደረሳት።

እውነቱን ለመናገር ይህ ያናድደኛል። እዚህ ሚኒሶታ ክትባቱን በእምነታቸው የማይቀበሉ ወላጆች በኖተሪ የተረጋገጠ ወረቀት አስገብተው ልጃቸውን ሳያስከትቡ ማስተማር ይችላሉ፤ ወረርሽኝ ሲመጣ ግን እነርሱም እርሷም አንድ ዓይነት ደብዳቤ ይደርሳቸዋል። በአውሮፓውያኑ 2017 እዚሁ 75 ሰዎች በኩፍኝ ሲያዙ አብዛኞቹ የሶማሌ ጎረቤቶቻችን ልጆች ነበሩ። ክትባቱ ኦቲዝም ያመጣል የሚል ወሬ በመካከላቸው ስለተነዛ፣ በ2004 92 በመቶ የነበረው የሕፃናቱ ክትባት በ2014 ወደ 42 በመቶ ወርዶ ነበር። እነዚያንም እናቶች ለመውቀስ አንደበቴ አይታዘዘኝም፤ ፈርተው ነው።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ በአውሮፓውያኑ 1922 ከሳን አንቶኒዮ ከተማ በመጣ ክስ፣ ያልተከተበች ተማሪን ከትምህርት ቤት ማስቀረት ሕገ መንግሥቱን እንደማይጥስ ወስኗል። በዚያ ላይ ክርክር የለኝም፤ እኔን የከነከነኝ አስከትባ ካርዷን ይዛ የመጣችው እናት ናት። ነርሷ በራሷ ፍርድ እንድታስገባው ይፈቀድላት እንዳልል፣ በዚያው በር ማን ማን እንደሚገባ አስባለሁ፤ ያ የካንሰር ሕመምተኛ ልጅም ይመጣብኛል። አይፈቀድላት እንዳልል ደግሞ... የደም ምርመራው መከላከያ እንዳለው ካሳየ ትምህርት ቤቱ ይቀበለዋል ተብላለች፤ ክንዱን ዘርግቶ ደም ሰጥቷል፤ ውጤቱ ገና አልመጣም። ቢመጣስ፣ ለዚያ ጥያቄዋ ምን ብዬ እንደምመልስላት...