ለቤተሰብ የደሴት ዕረፍት የቱን መርከብ እንያዝ?

[ስክሪን ላይ፦ ጎን ለጎን የተደረደሩ የመርከብ ማስታወቂያዎች]

ክሩዝ፣ ማለትም መርከብ ላይ እያደሩ ከወደብ ወደብ የሚዞሩበት ጉዞ፣ ልትይዙ ኢንተርኔት ላይ ገብታችኋል እንበል። አሥር መርከብ ተደርድሮላችኋል። ሁሉም ነጭ ነው፣ ሁሉም ላይ የውኃ ሸርተቴ አለ፣ ሁሉም ፎቶ ላይ እናት አባትና ሁለት ልጅ ጥርሳቸውን ገልጠው ይስቃሉ። ዋጋው ላይ ስትደርሱ ግን አንዱ የሌላውን እጥፍ ነው፣ ለምን እንደሆነም ማስታወቂያው አይነግራችሁም።

እኔ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ግን አንዲት ጥያቄ መልሱልኝ። የምትሄዱት ለመርከቡ ነው ወይስ ለደሴቱ?

"ለሁለቱም" የሚል አይጠፋም። እሺ። ግን ጉዞው ሰባት ሌሊት ነው፣ አንዱ ሲበዛ ሌላው ይቀንሳል። ይህን ሳትወስኑ መርከብ ከመርከብ ብታወዳድሩ መጨረሻችሁ ፎቶው ያማረውን መምረጥ ነው።

ከትልቁ እንጀምር። ሮያል ካሪቢያን የሚባለው ድርጅት መርከብ፣ አይከን ኦፍ ዘ ሲስ፣ በጃንዋሪ 2024 ከማያሚ ሥራ ጀመረ (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው)። ርዝመቱ 365 ሜትር ገደማ ነው፣ 20 ፎቅ፣ 7 መዋኛ ገንዳ፣ 6 ሸርተቴ። በአንድ ካቢን ሁለት ሰው ተብሎ ሲቆጠር 5,610 እንግዳ ይይዛል። ሦስተኛውና አራተኛው አልጋ ሁሉ ከሞላ ወደ 7,600 ይደርሳል። እናንተ የምትሄዱት ትምህርት ሲዘጋ ነው አይደል? ሌላውም ቤተሰብ እንደዚያው። ስለዚህ ወደ ሁለተኛው ቁጥር የተጠጋ ሕዝብ ጠብቁ።

እንዲህ ያለ መርከብ በሰባት ሌሊት ውስጥ ብዙውን ጊዜ የሚቆመው ሦስት ወይም አራት ቦታ ነው፣ ከነሱም አንዱ የድርጅቱ የራሱ ደሴት ነው። የቀረው ጊዜ ባሕር ላይ ነው የሚያልፈው። ይህ ጉድለት አይደለም፣ ሰዎቹ መርከቡን የሠሩት ራሱ መዝናኛ እንዲሆን ነው። ልጆቻችሁ ከሸርተቴ ወደ ገንዳ ሲሮጡ ቀኑ የሚመሽባቸው ዓይነት ከሆኑ ገንዘባችሁ በከንቱ አልወጣም። የካርኒቫሉ ማርዲ ግራ ላይ በሐዲድ ላይ የሚምዘገዘግ መጫወቻ (ሮለር ኮስተር) አለ፣ በ2021 ሲጀምር ባሕር ላይ የመጀመሪያው ነበር። ኖርዌጂያን ፕሪማ ላይ ደግሞ ሦስት ፎቅ የሚወጣና የሚወርድ የትንንሽ መኪና መወዳደሪያ አለ። አሥራ አምስት ዓመት ለሞላው ልጅ ይህን አሳይታችሁት "ደሴቱስ?" ብላችሁ ጠይቁት፣ መልሱን ታገኛላችሁ።

[ካርታ፦ ከማያሚ እስከ ሳን ሁዋን]

ለደሴቱ ከሆነ የምትሄዱት ግን ከመርከቡ ስም በፊት መነሻ ወደቡን እዩ። ከማያሚ እስከ ፖርቶ ሪኮዋ ሳን ሁዋን ከ1,600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከማያሚ የሚነሳ መርከብ ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ ካሪቢያን ለመድረስ ይህን ውኃ ማቋረጥ አለበት፣ ደግሞ መመለስም አለ። ከራሷ ከሳን ሁዋን የሚነሳው ግን ማታ ወጥቶ ጠዋት ሌላ ደሴት ላይ ይነጋለታል፣ በሰባት ሌሊት አምስትና ከዚያ በላይ ደሴት የሚያሳዩ ጉዞዎች ያሉት ለዚህ ነው። ከዚያ የሚነሱት መርከቦች አብዛኛውን ጊዜ አነስ ያሉና ቆየት ያሉ ናቸው፣ ሸርተቴውም ያን ያህል አይደለም። ዋጋቸውም ብዙ ጊዜ ቀለል ይላል፣ ግን የአውሮፕላኑን ቲኬት አብራችሁ ደምሩት።

የአሜሪካዋ ሃዋይ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። አሜሪካ በ1886 ያወጣችው ሕግ አለ፤ የውጭ ሰንደቅ ዓላማ የሚያውለበልብ መርከብ መንገደኛ ከአንዱ የአሜሪካ ወደብ ወደ ሌላው ብቻ ማመላለስ አይችልም። ክሩዞቹ ደግሞ አብዛኞቹ የተመዘገቡት ባሃማስ፣ ፓናማ ወይም ማልታ ነው። ስለዚህ ከሆኖሉሉ ተነስቶ ሰባት ሌሊቱን በሙሉ በሃዋይ ደሴቶች መካከል የሚዞር አንድ ትልቅ መርከብ ብቻ አለ፣ ፕራይድ ኦፍ አሜሪካ ይባላል። አራት ደሴት ያሳያል፣ ማዊና ካዋይ ላይም ያድራል። ከካሊፎርኒያ የሚነሱት ሌሎቹ መርከቦች ሃዋይ ለመድረስ ብቻ ለመሄድ አራት አምስት ቀን፣ ለመመለስም እንዲሁ ባሕር ላይ ይቆያሉ። ለጡረተኛ ደስ ይላል። የሦስት ዓመት ልጅ ይዞ ግን... እናንተው ታውቃላችሁ።

አሁን ወደ የግል ደሴቶቹ። ሮያል ካሪቢያን ኮኮኬይ አለው፣ ዲዝኒ ካስታዌይ ኬይ፣ ኤምኤስሲ ኦሽን ኬይ፣ ኖርዌጂያን ግሬት ስተራፕ ኬይ፣ ካርኒቫል በ2025 ግራንድ ባሃማ ላይ ሴሌብሬሽን ኪይን ከፈተ። ሁሉም ባሃማስ ውስጥ ናቸው። አሸዋው ንጹሕ ነው፣ ወንበሩ አለ፣ ምሳው በአብዛኛው በከፈላችሁት ውስጥ ነው፣ ማንም ዕቃ ግዙኝ ብሎ አይከተላችሁም። ከአምስት ዓመት በታች ልጅ ላለው ቤተሰብ ከጠቅላላው ጉዞ የተሻለው ቀን ይሄ ነው ብዬ አስባለሁ። ካስታዌይ ኬይና ኮኮኬይ ላይ መርከቡ በቀጥታ ወደቡ ላይ ይጠጋል፣ የልጅ ጋሪ እየገፋችሁ ትወርዳላችሁ። ኮኮኬይ ላይ ያለው ትልቁ የውኃ መጫወቻ ግን ለብቻው ይከፈልበታል፣ ዋጋውም እንደ ቀኑ ይለያያል። ያን ሳያውቁ ልጆቹን በር ላይ ማድረስ አስቸጋሪ ጊዜ ይፈጥራል።

አገሩን ማየት፣ ገበያውን መዞር፣ ሰዉን ማናገር የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ የግል ደሴት ያን አይሰጣችሁም። እንግዳው መርከቡ ላይ ያያችሁት ሰው ነው፣ ምግቡም የመርከቡ ነው። ሁለት የግል ደሴት ያለበትን ጉዞ "አራት ደሴት እናያለን" ብላችሁ አትቁጠሩት።

[ስክሪን ላይ፦ የአንድ ጉዞ መርሐ ግብር፣ የመድረሻና የመነሻ ሰዓት ተከብቦ]

እዚህ ላይ ቀስ እንበል፣ ብዙ ሰው የሚያልፈው ቦታ ስለሆነ። መርሐ ግብሩ ላይ የደሴቱን ስም ብቻ አትዩ። ሰዓቱን እዩ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት የሚል ከሆነ ዘጠኝ ሰዓት ይመስላል። ግን መርከቡ ሲደርስ ወዲያው አይወረድም፣ ፈቃድ እስኪሰጥ ይጠበቃል፣ በሩ ላይ ሰልፍ አለ። ከመነሻው ሰዓት በፊትም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብላችሁ መመለስ አለባችሁ። ከልጅ ጋር ስድስት ሰዓት የረባ ጊዜ ካገኛችሁ ጥሩ ነው። አምስት ሰዓት ብቻ የሚቆም መርከብ ያንን ደሴት ለዝርዝሩ ማሳመሪያ ነው ያስገባው።

ወደብ ላይ መጠጋቱንም ጠይቁ። አንዳንድ ቦታ መርከቡ ባሕሩ ላይ ቆሞ እናንተ በትንሽ ጀልባ ነው የምትሻገሩት። የካሪቢያኗ ግራንድ ኬይማን እንደዚያ ነው። የግሪኳ ሳንቶሪኒ ደግሞ የባሰ ነው፣ በጀልባ ተሻግራችሁ አሮጌው ወደብ ላይ ስትወርዱ ከተማው ከገደሉ አናት ላይ ነው፣ የሚያወጣው በገመድ የሚሳብ ካቢን ነው፣ ካልሆነ አህያ፣ ካልሆነ ወደ 600 የሚጠጋ ደረጃ። ብዙ መርከብ በአንድ ቀን ከመጣ የገመዱ ሰልፍ ብቻ ግማሽ ቀናችሁን ሊበላው ይችላል። ማዕበል ካለ ደግሞ ጀልባው ጭራሽ አይወጣም፣ ደሴቱን ከሩቅ አይታችሁ ታልፋላችሁ። ጋሪ ወይም ዊልቸር ይዞ የሚሄድ ቤተሰብ መጀመሪያ ማጣራት ያለበት ይህን ነው።

መርከቡን በትክክል የሚመርጥላችሁ ግን ትንሹ ልጃችሁ ነው። አብዛኞቹ ድርጅቶች ከስድስት ወር በታች ሕፃን አይቀበሉም፣ ውቅያኖስ ለሚያቋርጥ ረጅም ጉዞ ደግሞ አንድ ዓመት ይላሉ። ነፃ የሆነው የልጆች ክበብ በብዙዎቹ የሚጀምረው ከሦስት ዓመት ነው፣ ያውም ዳይፐር ላወለቀ ልጅ። ካርኒቫል ከሁለት ዓመት ጀምሮ ይቀበላል። ዲዝኒ ከስድስት ወር ጀምሮ ሕፃን የሚይዝበት ክፍል አለው፣ ሮያል ካሪቢያንም በተወሰኑ መርከቦቹ ላይ አለው፣ ሁለቱም በሰዓት ያስከፍላሉ። እና ይህችን ልብ በሉ፦ ዳይፐር ያለው ልጅ ዋናው ገንዳ ውስጥ አይገባም። ለዋና የሚሆነውንም ዳይፐር ቢያደርግ አይገባም። ለትንንሾቹ የተለየ የውኃ መርጫ ቦታ ያለው መርከብ አለ፣ የሌለውም አለ። የአንድ ዓመት ተኩል ልጅ ይዛችሁ ሰባት ገንዳ ላለው መርከብ ከፍላችሁ አንዱም ውስጥ ሳትገቡ ልትመለሱ ትችላላችሁ ማለት ነው።

ከፍ ያሉ ልጆች ላይ የሚያጣላው ሌላ ነገር ነው። ክበቦቹ በዕድሜ ይከፈላሉ፣ መደቡም ከድርጅት ድርጅት ይለያያል። በአንድ ዓመት የሚበላለጡ ወንድምና እህት ለሁለት ተለያይተው አንዱ "ሕፃናት ጋ" ሊመደብ ይችላል። የአሥራ አንድና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጆች ካሏችሁ መስመሩ የት ላይ እንደሚያልፍ ቀድማችሁ እዩ። ቨርጅን ቮያጅስና ቫይኪንግ ደግሞ ከ18 ዓመት በታች ጭራሽ አይወስዱም፣ ዋጋቸውን አይታችሁ አትድከሙ።

ካቢን። አራት ሰው በአንድ ካቢን ማለት አንድ ድርብ አልጋ፣ አንድ የሚዘረጋ ሶፋ፣ አንድ ከጣሪያ የሚወርድ አልጋ፣ ያ ሁሉ ብዙውን ጊዜ ከ20 ካሬ ሜትር በታች በሆነ ቦታ ላይ። ማታ ሶፋው ሲዘረጋ መረማመጃ የለም። የኔ ምክር፦ በረንዳ ያለው አንድ ካቢን ለአራት ከመያዛችሁ በፊት፣ መሐላቸው በር ያለው ሁለት መስኮት አልባ ካቢን ምን ያህል እንደሆነ ጠይቁ። አንዳንዴ ዋጋው ይቀራረባል፣ እናንተ ግን ሁለት መታጠቢያ ቤት አገኛችሁ፣ ልጆቹም ሲተኙ መብራት አጥፍታችሁ በሹክሹክታ አታወሩም። የብዙዎቹ የዲዝኒ ካቢኖች መታጠቢያ ለሁለት የተከፈለ ነው፣ መጸዳጃው ለብቻ፣ ሻወሩ ለብቻ። ቀላል ነገር ይመስላል፣ ጠዋት አራታችሁም ለመውጣት ስትጣደፉ ይገባችኋል።

"ካቢኑን እኛ እንመርጥላችኋለን" የሚለውን ርካሽ ቲኬት ቤተሰብ ባይወስደው እመርጣለሁ፣ የት እንደሚመድቧችሁ አታውቁም። ባሕር የሚያናውጠው ሰው ካለ መርከቡ መሐል ላይና ዝቅ ያለ ፎቅ ያዙ፣ መወዛወዙ እዚያ ይቀንሳል። ከመዋኛው ፎቅ ሥር ያለውን ካቢን ደግሞ ተዉት፣ ሌሊት ወንበር ሲጎተት ይሰማችኋል።

[ስክሪን ላይ፦ ባዶ ወረቀት፣ ድምር]

ገንዘቡ ላይ ማስታወቂያው የሚያሳያችሁ ዋጋ የመጨረሻው አይደለም። የወደብ ክፍያና ታክስ አለ። ቲፕ አለ፣ በብዙዎቹ በሰው በቀን ከ16 እስከ 20 ዶላር አካባቢ ነው፣ ልጆችም ይቆጠራሉ። አራት ሰው ለሰባት ሌሊት ከ450 እስከ 560 ዶላር ገደማ መጣ ማለት ነው። ዋይፋይ ለብቻ ነው። ለስላሳ መጠጥ በብዙዎቹ ይከፈልበታል፣ ዲዝኒ ግን ከምግብ ጋርና ከመቅጃው ላይ በነፃ ይሰጣል። የአልኮል ጥቅል የሚገዛ ካለ ደግሞ ብዙዎቹ ድርጅቶች በዚያው ካቢን ያለው ሌላው አዋቂም እንዲገዛ ያስገድዳሉ፣ ሰውየው ቢጠጣም ባይጠጣም። ርካሽ የመሰለው መርከብ ይህ ሁሉ ሲደመር ከውዱ ጋር ሊገናኝ ይችላል፣ ስለዚህ የምታወዳድሩት ድምሩን ይሁን።

ወቅቱስ? የአትላንቲክ አውሎ ነፋስ ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው፣ የሚበረታው ከኦገስት አጋማሽ እስከ ኦክቶበር። መርከቡ አውሎ ነፋሱን ይሸሻል፣ በዚያ በኩል ብዙም አትጨነቁ። ግን የሚሸሸው እናንተ ልታዩ የነበረውን ደሴት ጥሎ ነው፣ ውሉም ይህን ይፈቅድለታል፣ የሚመለስላችሁ ብዙ ጊዜ የወደብ ክፍያው ብቻ ነው። በእነዚህ ወራት ለአንድ ደሴት ብላችሁ መርከብ አትምረጡ።

ሰነድ ላይ ሳንደርስ አናቁም። ከአሜሪካ ወደብ ተነስቶ ባሃማስ የቆመ መርከብ ከአገር ወጥቶ ተመልሶ ገባ ማለት ነው። በቪዛ ለሚጓዝ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ አይበቃም፣ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ መሆን አለበት። መርከቡ የሚቆምባቸው ደሴቶችም እያንዳንዳቸው የራሳቸው የቪዛ ሕግ አላቸው፣ ድርጅቱ ደግሞ ወረቀት ያልተሟላለትን ሰው ወደብ ላይ ገንዘቡን ሳይመልስ ያስቀረዋል። ልጁን ይዞ የሚሄደው ከወላጆቹ አንዱ ብቻ ከሆነ የሌላኛውን ወላጅ የተረጋገጠ የፈቃድ ደብዳቤ ያዙ። እና በአውሮፕላን የምትሄዱ ከሆነ መርከቡ በሚነሳበት ቀን አትብረሩ፣ ቀድማችሁ አንድ ሌሊት እደሩ።