ጉዝጓዙን እዩ

እንደምን አደራችሁ ወገኖች። በዚህ ብርድ፣ ያውም ቅዳሜ ጠዋት፣ ከአልጋ ተነስታችሁ ስለመጣችሁ እናመሰግናለን። ወደ ፖቶማክ ወንዝ ከመውረዳችን በፊት ምን እንደምናይ ብንነጋገር ይሻላል፤ እዚያ ከደረስን በኋላ ብዙ አናወራም።

ከስሙ እንጀምር። «ባልድ ኢግል» ሲባል ብዙዎቻችን «ራሰ በራ ንስር» ብለን እንተረጉመዋለን። በራ ግን የለበትም፤ ጭንቅላቱ ድፍን ነጭ ላባ ነው። በድሮው እንግሊዝኛ ቃሉ ነጭ ምልክት ላለበት ነገር ይነገር ነበር። ዝዋይ ወይም ሐዋሳ ሐይቅ ዳር የሚጮኸውን ባለ ነጭ ራሱን አሳ በል ንስር የምታስታውሱ፣ ይኼኛው የእሱ የቅርብ ዘመድ ነው።

እዚህ በቼሳፒክ የባሕር ወሽመጥ አካባቢ እንቁላል የሚጣለው በአብዛኛው ከጃንዋሪ አጋማሽ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ነው። ፍሎሪዳ ይቀድማል፤ አላስካ ደግሞ እስከ ጸደይ ይዘገያል። ስለዚህ አሁን ጥንዶቹ ጎጆ የሚያድሱበት ጊዜ ላይ ነን።

ጎጆው የሚቀለሰው ውሃ አጠገብ፣ ረጅም ዛፍ ላይ፣ ከጫፉ ትንሽ ዝቅ ብሎ በወፍራም ባላ ውስጥ ነው። ማርች ላይ የሚመጣው ኦስፕሪ የተባለው አሳ በል ወፍ የሞተ ዛፍ ጫፍ ወይም ምሰሶ አናት ላይ ስለሚሠራ ሁለቱን በዚህ ትለያላችሁ። የንስሩ ጎጆ ብዙውን ጊዜ ከ1.2 እስከ 1.8 ሜትር ይሰፋል፤ ረጅም ሰው ተዘርግቶ ይተኛበታል። አዲስ ከሆነ እስከ 3 ወር ይፈጃል፤ አሮጌውን ደግሞ በየዓመቱ እየጨመሩበት ይኖራሉ። ፍሎሪዳ ሴንት ፒተርስበርግ የተገኘው 2.9 ሜትር ስፋትና 6 ሜትር ቁመት ነበረው፤ ክብደቱም ከ2 ቶን በላይ ተገምቷል። እዚሁ ዋሽንግተን ናሽናል አርቦሬተም በተባለው የዛፎች ፓርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2014 አንድ ጥንድ፣ ቱሊፕ ፖፕላር በተባለ ዛፍ ላይ ጎጆ ቀልሷል። በዚያ ቦታ ንስር ሲራባ ከ1947 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር።

ጭራሮ ሲመጣ ማየት ደስ ይላል። ደረቅ ቅርንጫፍ ላይ በበረራ ተወርውረው በክብደታቸው ይሰብሩትና በእግራቸው ይዘውት ይመጣሉ። ረጅሙ እንጨት ሌላው ጭራሮ ላይ ይጋደማል፤ በምንቁር እየጎተቱ ጫፉን እንደ ማገር ያጠላልፉታል። እሱ ያኖረውን እሷ ታነሳዋለች፣ እሱ መልሶ ይገፋዋል፤ ጭቅጭቁ ረጅም ነው። ጠርዙ ከፍ ማለት አለበት፣ አለዚያ ጫጩት ይወድቃል።

እንቁላል መቅረቡን የሚናገረው ግን ጉዝጓዙ ነው። ከእንጨት ይልቅ ደረቅ ሣር፣ የበቆሎ ገለባና የዛፍ ሽበት መመላለስ ሲጀምር ቀኑ ተቃርቧል ማለት ነው። መጀመሪያ በጭራሮው መካከል ያለውን ቀዳዳ ይደፍናሉ። ከዚያ አንዷ መሃል ላይ በደረቷ ተኝታ፣ እግሯን ወደ ኋላ እየጫረች፣ ትንሽ ዞር እያለች ደግማ ትጫናለች። በዚህ ጎድጓዳ ቦታ ይበጃል፤ በኋላ የገዛ ላባዋ ይጨመርበታል። ጉዝጓዙ ከሳሳ ብርዱ ከሥር ይገባል፣ እንቁላሉም ወደ እንጨቱ ይሰምጣል።

ሌላም የሚያበላሽ አለ። ባላው ከበሰበሰ ዐውሎ ነፋስ ጎጆውን ከነቅርንጫፉ ይጥለዋል። ትልቁ ባለ ቀንድ ጉጉት ራሱ ጎጆ ስለማይሠራ የሰው፣ ማለቴ የንስር ጎጆ ይቀማል። ጎጆውን ለቅቀው ከራቁ ቁራና ራኩን የተባለው ዛፍ የሚወጣ አውሬ እንቁላሉን ይበሉታል። ሣር መስሏቸው የሚያመጡት የአሳ ማጥመጃ ክር ደግሞ የጫጩት እግር ይጠልፋል፤ ወንዝ ዳር ክር ካያችሁ አንሱ።

ከታች ሆነን እንቁላሉን አናየውም። የምናየው እሷን ነው። ሊደርስ ሲል ጎጆው ውስጥ ረጅም ሰዓት ትቀመጣለች፣ እሱም አሳ ያመጣላታል። ከጣለች በኋላ አካሄዷ ይለወጣል፦ እንዳትወጋው ጥፍሯን አጥፋ፣ እግሯን እንደ ቡጢ ጨብጣ ትራመዳለች፤ ስትቀመጥም ግራ ቀኝ እየተወዛወዘች ሆዷን ታስተካክላለች። ያንን ውዝዋዜ ካያችሁ እንቁላል አለ። ከ1 እስከ 3 ትጥላለች፣ ብዙውን ጊዜ 2፤ እሱና እሷ እየተፈራረቁ ለ35 ቀን ያህል ይታቀፋሉ።

እ.ኤ.አ. በ1963 ከአላስካና ሃዋይ ውጪ ባለው አሜሪካ 417 ጥንድ ብቻ ተቆጥሮ ነበር። ዋናው ምክንያት ዲዲቲ የተባለው ጸረ ተባይ ነው፦ የእንቁላሉን ቅርፊት ስለሚያሳሳው እናቲቱ ስትቀመጥበት ይሰበር ነበር። በ1972 ታገደ።

አሁን ስለ ደንቡ። ከጎጆው ቢያንስ 100 ሜትር እንርቃለን። ድሮን አይነሳም። የወደቀ ላባ እንኳ አንስቶ ወደ ቤት መውሰድ በፌዴራል ሕግ ያስቀጣል፤ «ለልጄ ነው» አያድንም። ባይኖኩላር ያላችሁ ተራ ስጡ። ወፏ ከጎጆው ተነስታ ወደ እኛ እያየች ከጮኸች ወዲያው እንመለሳለን። ፓርኪንጉ ቅርብ ስለሆነ፣ እባካችሁ የመኪና በር ቀስ አድርጋችሁ ዝጉ።