የሞኖካሲ የድንጋይ ድልድይ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ አባቶችና እናቶች፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የተገኛችሁ እንግዶች፤

እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ። የሥራና የሒሳብ ሪፖርቶቹ ከዕረፍት በኋላ ስለሚቀርቡ፣ ይህችን የመክፈቻ ጊዜ ዘንድሮ አብረን ልንጎበኘው ስለመረጥነው ቦታ እንድናገርባት ፍቀዱልኝ። ብዙዎቻችን በሜሪላንድ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ፍሬድሪክ ስንመላለስ የሞኖካሲን ወንዝ በመኪና ሽው ብለን እናልፈዋለን። ወንዙን ተከትሎ ወደ ታች የወረደ ሰው ግን፣ ሞኖካሲ ከፖቶማክ ወንዝ ጋር በሚገናኝበት ስፍራ፣ ውኃን በውኃ ላይ ለማሻገር የተሠራ ባለ ሰባት ቅስት የድንጋይ ድልድይ ያገኛል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ድልድዩ የሚያሻግረው ውኃ የቼሳፒክና ኦሃዮ ቦይ፣ ማለትም ለጭነት ጀልባዎች የተቆፈረ ሰው ሠራሽ የውኃ መንገድ ነው። ፕሬዚዳንት ጆን ኩዊንሲ አዳምስ የቦዩን ቁፋሮ ያስጀመሩት በጁላይ 4 ቀን 1828 ነበር። አካፋቸው የዛፍ ሥር መትቶ አልገባ ቢላቸው ኮታቸውን አውልቀው እንደገና እንደቆፈሩ ይነገራል። በዚያው ዕለት በባልቲሞር የባቡር ሐዲድ የመሠረት ድንጋይ ተቀመጠ። ቦዩ እስከ ኦሃዮ ወንዝ ይደርሳል ተብሎ ቢታሰብም፣ 184.5 ማይል ተጉዞ ከምበርላንድ ከተማ ላይ የቆመው በ1850 ሲሆን፣ ባቡሩ ከተማይቱ የገባው ከዚያ ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ተወዳዳሪው ሲወለድ አብሮት የተወለደ ሥራ ነበር ማለት ይቻላል።

ቦዩ የሚሄደው የፖቶማክን ግራ ዳርቻ ይዞ ነው። ከሰሜን የሚመጡት ገባሮች መንገዱን ስለሚያቋርጡት፣ በቅሎዎች የሚጎትቷቸው ጀልባዎች ከቦዩ ሳይወጡ እንዲያልፉ 11 የድንጋይ መሸጋገሪያዎች ተሠሩ። ከሁሉም ትልቁ የሞኖካሲው ነው፤ ርዝመቱ 516 ጫማ፣ የእያንዳንዱ ቅስት ስፋት 54 ጫማ ነው። ከባድ ጭነት የያዘ ጀልባ ሲመጣ ድልድዩ ይከብደዋል ብሎ የሚሰጋ ሰው ይኖራል። ሆኖም ተንሳፋፊ ነገር የክብደቱን ያህል ውኃ ገፍቶ ስለሚያስወጣ፣ ጀልባ ቢኖርም ባይኖርም ቅስቶቹ የሚሸከሙት ያው ነው። እውነተኛው ጠላት ጎርፍ ነው፤ ጎርፉ የሚያመጣው ግንድ ከምሰሶዎቹ ጋር እየተላተመ፣ ውኃውም ባገኘው ስንጥቅ ሁሉ ይገባል።

ግንባታው በ1829 ተጀምሮ በ1833 ተጠናቀቀ። የቦዩ ዋና መሐንዲስ ቤንጃሚን ራይት ነበሩ፤ ሥራው ግን ከአንድ ተቋራጭ ወደ ሌላ ሲተላለፍ ነው የተፈጸመው። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ በመካከሉ የሆነው ነገር ነው። በመጀመሪያ ከቀረበው ድንጋይ ጥራት የጎደለው በመገኘቱ፣ ተገንብቶ የነበረው ክፍል እንዲፈርስ ተደረገ፤ ከዚያም በአቅራቢያው ካለው ከሹገርሎፍ ተራራ ነጭና ሮዝማ ቀለም ያለው እጅግ ጠንካራ ድንጋይ እየተጠረበ መጣ። ገንዘብ ባጠረበትና ባቡሩ በሚሽቀዳደምበት ጊዜ የቆመን ግንብ አፍርሱ ማለት ቀላል ውሳኔ አልነበረም። በቦዩ ሥራ ላይ ከተሰማሩት ብዙዎቹ ከአየርላንድ የመጡ ስደተኞች ሲሆኑ፣ በ1832 ኮሌራ ገብቶ ከመካከላቸው ብዙ ሰው ፈጅቷል።

የዚያ ውሳኔ ዋጋ የታየው ከ30 ዓመት በኋላ ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት፣ በሴፕቴምበር 1862 የደቡቡ የጄኔራል ሊ ጦር ወደ ሜሪላንድ ሲገባ፣ ቦዩ ለዋሽንግተን የድንጋይ ከሰል ማመላለሻ ስለነበር ድልድዩን ማፍረስ ፈለገ። በቅድሚያ ከዚሁ ጦር የጄኔራል ሂል ወታደሮች መጡ፤ በአቅራቢያው የነበረው፣ ጀልባዎችን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው የቦዩ የውኃ በር ጠባቂ ቶማስ ዋልተር ድልድዩን እንዲተዉት ተማጽኖ ቦዩን በሌላ በኩል እንዲቆርጡት አግባባቸው። ለዚህ ውለታው ያገኘው ጠላትን ረድተሃል የሚል ክስ ሲሆን ከሥራውም ተባረረ። ከጥቂት ቀናት በኋላ የዚያው ጦር የጄኔራል ዎከር ክፍል በሌሊት መጥቶ ባሩድ የሚቀበርበትን ጉድጓድ ለመሰርሰር ሞከረ፤ ድንጋዩ ግን መሰርሰሪያውን አልቀበል አለ፣ ግንቡም ክፍተት አልሰጠ፣ ጦሩም ትቶት ሄደ። ብዙ ጊዜ የሚተረከው የዋልተር ብልሃት ነው፤ ትረካው ደስ ይላል። እኔ ግን ድልድዩን ያዳነው በዋናነት መጀመሪያ የቀረበውን ደካማ ድንጋይ ያልተቀበለው መሐንዲስና የተራራውን ድንጋይ የጠረበው ስደተኛ ነው እላለሁ። ከአባይ ላይ ሰባራ ድልድይን የምታውቁ፣ በጣሊያን ጊዜ አንድ ቅስት በመሰበሩ ሰው ለስንት ዓመት በገመድ እንደተሻገረ የምታስታውሱ፣ የአንዲትን ቅስት መቆም ዋጋ ከእኔ ይልቅ ትረዱታላችሁ።

ቦዩ በ1924 ከደረሰበት ጎርፍ በኋላ ለጀልባ ተዘጋ። በ1954 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ዊሊያም ዳግላስ ቦዩ የመኪና መንገድ እንዳይሆን ሙሉ ርዝመቱን በእግር ሄዱበት፤ በ1971 ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ሆነ። በዓመቱ የአግነስ አውሎ ነፋስ ጎርፍ ድልድዩን ክፉኛ ስለጎዳው በብረት ታስሮ ተደገፈ፤ እንዲያ ታስሮም ለአሥርተ ዓመታት ኖረ። በ1998 በአገሪቱ እጅግ ለአደጋ ከተጋለጡ ታሪካዊ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገባ፣ በ2005 ጥገናው ተጠናቅቆ የብረት ማሰሪያው ወረደለት።

የጉብኝቱ ቀን ዛሬ ከሰዓት በኋላ በድምፅ ብልጫ ይወሰናል። መኪና ማቆሚያው ከድልድዩ አጠገብ ስለሆነ አረጋውያን ብዙ መራመድ አይጠበቅባቸውም፤ በላዩ ላይም በቅሎዎቹ በሄዱበት መንገድ በእግር መሻገር ይቻላል። ዝናብ የጣለ ሳምንት ከሆነ ግን ወንዙ ስለሚሞላ ልጆችን ወደ ዳሩ አናስጠጋ። በዚህ ጉባኤው መከፈቱን አስታውቃለሁ፤ ጸሐፊያችን አጀንዳውን ያንብቡልን።