እግራችሁን አትሰብስቡ፦ ስለ ጫካ አልቅት
(በሐረር ለተማሪዎች የሳይንስ ክበብ የተዘጋጀ ንግግር)

ክቡራን መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፤

ለጅብ ሥጋ በሚያጎርስ ከተማ ውስጥ እንኳ የአልቅት ስም ሲነሣ እግሩን የማይሰበስብ አይጠፋም። ዛሬ ግን ስጋት አይግባችሁ፤ የማወራው ከሩቅ ስለሚኖረው ነው።

እኛ የምናውቀው አልቅት የውሃ ነው። ከብት ከኩሬ ሲጠጣ በአፉ ገብቶ ጉሮሮው ላይ ይጣበቃል፤ ጎንበስ ብሎ ከምንጭ የሚጠጣ ሰውንም አይምርም። የጫካው ዘመዱ ግን በየብስ ያድናል። መኖሪያው ከሕንድና ከስሪላንካ እስከ ጃፓንና አውስትራሊያ፣ ወደ እኛ ሲቀርብ ደግሞ እስከ ሲሼልስና ማዳጋስካር ይደርሳል። ቆዳው ከደረቀ ስለሚሞት የድሬዳዋ ፀሐይ አንድ ቀን አታውለውም።

አደኑ ትዕግሥት ይጠይቃል። በኋለኛው ጫፉ ባለው መምጠጫ ቅጠል ላይ ተጣብቆ ቆሞ ፊቱን ወዲህ ወዲያ ያወዛውዛል። የኮቴ ንዝረት ወይም ትንፋሽ ሲሰማው፣ ጨርቅ በስንዝር እንደሚለካ ነጋዴ ሰውነቱን እየሰበሰበና እየዘረጋ ይገሠግሣል። ምራቁ ደም እንዳይረጋ ስለሚያደርግ፣ ጠግቦ ከወደቀ በኋላም ቁስሉ ለሰዓታት ሊደማ ይችላል። ይዘላል ወይስ አይዘልም የሚለው ክርክር ብዙ ዘመን ቆይቶ ነበር፤ በ2024 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ የማዳጋስካር ቪዲዮ ከቅጠል ላይ ሲወረወር አሳይቷል።

የሐረር ነጋዴዎች ወደብ በነበረችው በዘይላ ያለፈውና ሽታዋን ሸሽቶ መርከብ ላይ ያደረው የሞሮኮው ተጓዥ ኢብን ባጡታ፣ በ1344 እ.ኤ.አ. ገደማ ስሪላንካ ውስጥ ይህንኑ አልቅት አይቷል። የአገሩ ሰዎች ሎሚ ይጨምቁበት እንደነበር ጽፏል። ዛሬ ሎሚም ሆነ ጨው ወይም እሳት አይመከርም፤ የዋጠውን መልሶ ቁስሉ ላይ ሊተፋው ይችላልና። አፉ ያለው በቀጭኑ ጫፍ በኩል ነው። በጥፍር ከሥሩ ገብቶ መጀመሪያ እሱን ማላቀቅ፣ ከዚያም ቁስሉን በሳሙና ማጠብ ይበቃል።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ሆዱ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ከቬትናም ጫካ በተሰበሰቡ አልቅቶች ውስጥ ካገኙት ደም ዲኤንኤ አውጥተው የእንስሳቱን ማንነት ለዩ። ከእነዚህም አንዱ እምብዛም የማይታይ፣ ጀርባው ባለ መስመር የሆነ ጥንቸል ነበር። የጫካ ጠባቂ ለዓመታት ሲፈልገው የኖረውን እንስሳ፣ ሁላችንም የምንጠየፈው ፍጡር በሆዱ ይዞት ተገኘ!

ጠረጴዛው ላይ ባለው ማሰሮ ውስጥ ያለው የእኛው የውሃ አልቅት ነው። በየተራ ቀርባችሁ በአጉሊ መነጽር ተመልከቱ፤ አሥር ጥቃቅን ዓይኖቹን በቀጭኑ ጫፍ ላይ ፈልጉ። ጣት ግን አይገባም፤ ቁርሱን አልበላም።