ዳቦው ላይ ያረፈች እጅ

እንዴት ናችሁ። ዛሬ የመግቢያ ሙዚቃ የለም። መሽቷል፣ ፕሮፌሶሬ፣ ቤታቸው የምሠራላቸው ጣልያናዊ አዛውንት፣ ተኝተዋል፣ እኔም እንደ ወትሮው ብርድ ልብሴን ተከናንቤ ነው የምቀዳው። ሊፍቱ? አልተሠራም። አትጠይቁኝ።

ስለ ፐርሜሶ፣ ስለ መኖሪያ ፈቃዱ ወረፋ አወራለሁ ብዬ ነበር፤ እሱ ይቆየን። ዛሬ የማወራው ስለ ብሩስኬታ ነው። ይሄ ነገር ከሰሞኑ ከውስጤ አልወጣ ብሏል። ምግቡማ ቀላል ነው፣ ዳቦና ዘይት ነው። ስንሠራው የሆነው ነገር ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

እሺ፣ ከባቄላው ልጀምር። ሮም ውስጥ አሁን የባቄላ እሸት ጊዜ ነው። ሚያዝያ ሲገባ በየአትክልት ቤቱ ደጃፍ ከነቅርፊቱ ተቆልሎ ታገኙታላችሁ። ሜይ 1 ቀን የሮም ሰው ከከተማ ይወጣና ሣር ላይ ተቀምጦ ጥሬውን እየፈለፈለ በፔኮሪኖ ይበላዋል። በዚያ ጨዋማ የበግ አይብ። እኔ መስከረም ላይ የማውቀውን እሸት በሚያዝያ ሳየው አሁንም ግር ይለኛል። እዚህ በኖርኩት ዕድሜ ሁሉ አልለመድኩትም። ሳየው አደይ አበባ የሚፈነዳ ይመስለኛል፣ እዚህ ግን ሰዉ ገና የክረምት ጃኬቱን እያወለቀ ነው።

ደግሞ ሱቁ በር ላይ ማስታወቂያ ይለጠፋል፣ «እዚህ ትኩስ ባቄላ ይሸጣል» የሚል። መጀመሪያ ሳየው ለገበያ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ማስጠንቀቂያ ነው! ጂ6ፒዲ የሚባል ኢንዛይም በደማቸው ውስጥ የሚያንሳቸው ሰዎች አሉ። እነሱ ትኩስ ባቄላ ከበሉ ቀይ የደም ሴላቸው ይፈርሳል፣ ሰውነታቸው ቢጫ ይሆናል፣ ሆስፒታል ይገባሉ። ሰርዲኒያ ላይ ብዙ ሰው አለበት። ፕሮፌሶሬ ይሄን ሲያነሱ ሁልጊዜ ፓይታጎረስን ይጨምሩበታል፤ ተማሪዎቹን ባቄላ እንዳትነኩ ብሎ ከልክሏል ይባላል። የሒሳብ መምህር አይደሉ፣ ነገሩ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ፓይታጎረስ ጋ ነው የሚያርፈው። እኔ ግን የማስበው ስለ ልጅነታችን ነው። መንገድ ዳር እሸት ገዝተን እየፈለፈልን ትምህርት ቤት ስንሄድ አንድም ሰው እንዲህ ያለ ነገር ነግሮን አያውቅም። ታሞ የቀረ ልጅ ይኖር ይሆን? ወይም ታሞ፣ ሌላ ነገር ነው ተብሎ… እንጃ። ይሄን ትቼ ልቀጥል።

ዳቦው። ዳቦውን ገበያ ነው የምገዛው፤ ቅዳሜ ቺርኮ ማሲሞ ጋ ገበሬዎቹ የሚሸጡበት። የጄንዛኖ ዳቦ ነው፣ ቅርፊቱ ላይ ፉርሽካ ተነስንሶበት ጥቁር እስኪል የሚጋገረው። እ.ኤ.አ. በ1997 የአውሮፓ ኅብረት ስሙን ጥበቃ ሰጥቶታል። ለብሩስኬታ የዕለቱ ዳቦ አይሆንም፣ ያደረ ይሻላል። ወፈር አድርጎ መቁረጥ፣ ብረት ምጣድ ላይ ሁለቱንም ጎን መጥበስ፣ ገና እየተኮሰ ነጭ ሽንኩርት ማሸት። ጥርት አድርጋችሁ ከጠበሳችሁት ዳቦው ራሱ ሽንኩርቱን ይፍቀዋል፣ እጃችሁ ላይ ፍሬው እያለቀ ሲሄድ ታዩታላችሁ። ከዚያ ዘይት፣ ከዚያ ጨው። በቃ። ቲማቲም እዚህ የሐምሌና የነሐሴ ነው። በሚያዝያ ቲማቲም የጫነ ብሩስኬታ ያቀረበልኝ ሰው ቤት ሁለተኛ አልሄድም። የምሬን ነው። ወቅቱ የሰጠውን ትቶ ሌላ መፈለግ ያመኛል።

ወደ ገበያው ስሄድ በፖርታ ካፔና አደባባይ ነው የማልፈው፣ ፋኦ፣ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ፊት ለፊት። የአክሱም ሐውልት ቆሞ የነበረበት ቦታ። ጣልያኖች እ.ኤ.አ. በ1937 አምጥተው ተከሉት፣ በ2005 ተመለሰ። አሁን ቦታው ላይ መኪና ነው የሚተራመሰው። እኔ ግን ሳልፍ ቀና ብዬ አያለሁ። ምኑን እንደማይ አላውቅም፣ ግን አያለሁ።

ምን ልል ነበር? አዎ። ወጥ ቤት ነን። ፕሮፌሶሬ ባቄላ እየላጡ ነው። ትንንሹ ከነልጣጩ ይበላል፣ ተለቅ ያለው የፈላ ውሃ ውስጥ ገባ ብሎ ይወጣና ውስጠኛው ልጣጩ ይወልቃል። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ታውቃላችሁ። አንዷን ፍሬ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ቀደድ ያደርጋሉ፣ ይጫኗታል፣ አረንጓዴዋ ፈትለክ ትላለች፤ እሷን አይተው ነው ወደ ሌላዋ የሚሄዱት። አላፋጠንኳቸውም። እኔ ግማሹን ባቄላ ከአተር እሸት ጋር በሹካ ዳመጥኩት፤ ዘይት፣ የሎሚ ልጣጭ ፍቅፋቂ፣ ሜንቱቻ። ሜንቱቻ ያቺ ቅጠሏ ትንሽ የሆነች የናና ዘር ናት፣ እዚህ ግንብ ሥር ሁሉ የምትበቅለው። ካርቾፊውን፣ ያንን ያልፈነዳ አበባ የሚመስለውን አትክልት፣ ጥሬውን በስሱ ከትፌ በሎሚ አሸሁት፣ ሎሚ ካልነካው ይጠቁራል። ዳቦው ላይ አደረግኩት። በእሳቸው ዳቦ ላይ ፔኮሪኖ፤ የእኔ ያለ አይብ፣ ሁዳዴ ነው።

ከዚያ ሚጥሚጣውን ላነሳ እጄን ዘረጋሁ። ብልቃጡ ሁልጊዜ ጠረጴዛው ላይ ነው። እሳቸው ራሳቸው እንቁላላቸው ላይ ይነሰንሱታል፣ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ሄጄ ስመለስ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ እሱን ነው። እንግዲህ ብልቃጡን ከፈትኩ፣ እና እጃቸው መጣች። መዳፋቸውን ዘርግተው ዳቦው ላይ አኖሩት። ልብ በሉ፣ የእኔ ዳቦ ላይ ነው። አልነኩትም፣ ከላዩ ትንሽ ከፍ ብላ ነው የቆመችው። መዳፋቸው በዘይት ያብለጨልጫል፣ ሌባ ጣታቸው ላይ አንዲት የሜንቱቻ ቅጠል ተለጥፋለች። እና እጃቸው አልተንቀጠቀጠችም! ይሄን በኋላ ነው ያስተዋልኩት። ቀና ብዬ አየኋቸው፣ እሳቸው እኔን አያዩም፣ ዳቦውን ነው የሚያዩት። ምንም አላሉም። እኔም ምንም አላልኩ። ብልቃጡን ዘጋሁ። እጃቸውን አነሱ፣ የራሳቸውን ዳቦ ይዘው መብላት ጀመሩ፣ ኳስ ስለማየት አወሩኝ።

እኔም በላሁ። ያለ ሚጥሚጣ። እና… ጣፈጠኝ። እሱ ነው ያናደደኝ። የባቄላው ጣፋጭነት፣ የካርቾፊው ምሬት፣ ከኋላ የምትመጣው ናና፣ ሁሉም ለየብቻው ይሰማ ነበር። ሚጥሚጣ ቢኖር ይሄን አልሰማውም ነበር። ትክክል ነበሩ። ትክክል መሆናቸው ደግሞ ነገሩን አልጨረሰልኝም።

አንዱ ልቤ እንዲህ ይላል፦ አምና ሽሮ ሠርቼላቸው ፓርሜዛን አይብ ሊጨምሩበት ሲሉ ሳህኑን ሳብ አድርጌ «መጀመሪያ ይቅመሱት» ብያቸዋለሁ። እሳቸውም ያንኑ መለሱልኝ። ያምራል፣ አይደል? ምግባቸውን ያከብራሉ፣ እኔም የኔን አከብራለሁ፣ ተግባባን። ይሄን ሳስብ ፈገግ እላለሁ።

ሌላው ልቤ ደግሞ ኮሪደሩ ላይ ያለው ፎቶ ጋ ይሄዳል። ፎቶውን ታውቁታላችሁ፣ አልመለስበትም። አባታቸው፣ የወታደር ዩኒፎርሙ፣ ከጀርባው «ደሴ 1936» የሚለው ጽሑፍ፣ ጣልያን ደሴ የገባበት ዓመት በፈረንጆቹ። አያቴም ያደገችው እዚያው አካባቢ ነው፣ ታውቃላችሁ። የዚያ ሰውዬ ልጅ እጁን እንጀራዬ ላይ… ዳቦዬ ላይ ሲያደርግ፣ እኔ ብልቃጤን ስዘጋ… ለምን ወዲያው ዘጋሁት? አክብሬያቸው ነው፣ አዛውንት ናቸው፣ አሳዳጊዬ እንዲህ ነው ያሳደገችኝ። ነው ወይስ… አይ። እሳቸው ያኔ ጡት እንኳ አልጣሉም። በሰው አባት ሰው አይጠየቅም። ይሄን አምናለሁ። አምናለሁ፣ ግን ፎቶው እዚያው ተሰቅሏል፣ አቧራውን የማራግፈውም እኔ ነኝ።

ምናልባት እያበዛሁት ነው። ዳቦ ነው እኮ። እህቴ ስነግራት «ጠይቂያቸው» አለች። ምን ብዬ? «ያን ቀን እጅዎን ለምን አደረጉ?» ብዬ? አያስታውሱትም ይሆናል። ወይም ያስታውሱትና የማልፈልገውን መልስ ይሰጡኛል። ወይም የምፈልገውን ይሰጡኝና አላምናቸውም።

ዛሬ ጠዋት ብልቃጡን ቁም ሳጥን ውስጥ አስገባሁት። እንቁላላቸውን ሳቀርብ «ሚጥሚጣዬ የት ሄደ?» አሉ። ሚጥሚጣዬ። አወጣሁላቸው።

ቅዳሜ አግሬቲ ካለ ገዝቼ እሱን በዳቦ እሞክራለሁ፣ ያን ቀጭን ሣር የሚመስለውን። ቀቀል አድርጎ ዘይትና ሎሚ ነው የሚፈልገው። እሱ ላይ ሚጥሚጣ… ቆይ። የሳሉ መሰለኝ። …አይ፣ ጎረቤት ነው። አዎ፣ አግሬቲ። በሎሚ ነው የሚያምረው፣ እሱን እርግጠኛ ነኝ። ብልቃጡ ግን ጠረጴዛው ላይ ይሁን ወይስ… እስቲ እናያለን፣ እኔ እንጃ…