ዘፈን ከወላጆች ቀን መድረክ ወደ መማሪያ ክፍል

የተከበራችሁ የሙዚቃና የቋንቋ መምህራን፣ የተከበራችሁ የትምህርት ባለሙያዎች፣ ውድ ተማሪዎች፤

የሐዋሳ ትምህርት ቤቶች ዘፈን አጥተው አያውቁም። የወላጆች ቀን ሲደርስ ድምፅ ማጉያ ይከራያል፤ ልጆቹም በሲዳሙ አፎ፣ በአማርኛ፣ በወላይትኛና በኦሮምኛ ዘፈኖች እየጨፈሩ እንግዳውን ሁሉ ያስደስታሉ። በማግስቱ መምህሩ ወደ ክፍል ሲገባ ግን ያ ዘፈን አይከተለውም። ተማሪው ስለ ኖታ መስመሮችና ስለ አውሮፓ የሙዚቃ መሣሪያዎች ስም ጥቂት ይጽፋል፤ ቀኑን ሙሉ በስልኩ ስለሚያዳምጠው ሙዚቃ ግን የሚጠይቀው የለም። እኔ ዛሬ የምሟገተው ዘመናዊ ዘፈን የመዝናኛ ሰዓት ማሟያ መሆኑ ቀርቶ እንደ ታሪክና እንደ ሰዋስው በጥንቃቄ የሚመረመር የትምህርት ጉዳይ እንዲሆን ነው።

ሌላው ዓለም በዚህ ጉዳይ ክርክሩን የጀመረው ቀደም ብሎ ነው። በአሜሪካ የሰሜን ቴክሳስ ኮሌጅ በጃዝ የዲግሪ ትምህርት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1947 ሲሆን፣ በ1967 በታንግልውድ የተሰበሰቡ የሙዚቃ መምህራን ወጣቶች የሚያዳምጡት ዘፈን በሥርዓተ ትምህርት ውስጥ ቦታ እንዲኖረው በግልጽ ጠይቀዋል። ወደ ራሳችን ስንመለስ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ያስገርማል፤ ዘመናዊ ሙዚቃችን ራሱ የትምህርት ልጅ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም የመጡት አርባ የአርመን ልጆች ከመሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንድያን ጋር፣ ኋላም የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንድያን፣ እንዲሁም የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ኖታ ማንበብን፣ መሣሪያ መያዝንና ዘፈን ማቀናበርን ለብዙ ወጣቶች አስተምረዋል። ጥላሁን ገሠሠ ከሀገር ፍቅር ቴአትር ወደ ክብር ዘበኛ የተሻገሩት እንዲህ ባለ ጊዜ ነበር። እንግዲህ ከትምህርት የተወለደ ሙዚቃ ለትምህርት አይመጥንም ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለእኔ አይገባኝም።

ዘመናዊ ዘፈን ለክፍል የሚሆን ጭብጥ የለውም ብለው የሚሰጉ ሰዎች አሉ፤ ስጋታቸውን ለማየት አንድ የትዝታ ዘፈን ብቻ እንውሰድ። ተማሪዎቹ ዜማውን አዳምጠው እያንጎራጎሩ ከድምፅ ወደ ድምፅ ሲሄዱ፣ መሠረቱ አምስት ድምፅ እንደሆነ ማንም ሳይነግራቸው ይደርሱበታል፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። መምህሩ ሚንና ላን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ሲያደርግ ያው ዜማ ወደ ትዝታ ማይነር ይዞራል፤ የልጆቹም ፊት ሲለወጥ ያያል። ከዚያ ወደ ምቱ ይሻገራሉ። ችክችካ የሚባለውን የዘፈን ምት በእጃቸው እያጨበጨቡ በሁለትም በሦስትም መቁጠር እንደሚቻል ሲያዩ፣ ስድስት ስምንተኛ የሚባለው የምት ልክ በሰሌዳ ላይ የተጻፈ ቁጥር ብቻ መሆኑ ያበቃል። ግጥሙን ደግሞ የአማርኛ መምህሩ ይረከበዋል፤ ስንኙ ስድስት ስድስት እየተቆጠረ በየወል ቤት የሄደ ይሁን ወይም አምስት አምስት እያለ በሰንጎ መገን፣ ዘፋኙስ የዜማው ሐረግ ሲረዝምበት የትኛውን ፊደል ስቦ የትኛውን ውጦ እንዳለፈ ተማሪው ራሱ ይፈልጋል። ቅንብሩ ላይ ሲደርሱ ከፍ ላለው ክፍል የሚበቃ ጥያቄ ይነሣል። ሙላቱ አስታጥቄ በብሪታንያና በአሜሪካ ተምረው የኢትዮ ጃዝን መንገድ ሲጀምሩ የገጠማቸው ፈተና፣ አምስት ድምፅ ያለውን ዜማ በአሥራ ሁለት ድምፅ ከሚሠራው የምዕራቡ ኮርድ (አብረው ከሚመቱ ድምፆች) ጋር ሲያጋቡት የቅኝቱ፣ ማለትም ዜማው የቆመበት የድምፆች ስብስብ፣ ጠባይ እንዳይጠፋ ማድረግ ነበር። ኪቦርድ ያለው ተማሪ በአንቺ ሆዬ ለኔ ዜማ ሥር የለመደውን ኮርድ አስገብቶ ይሞክረው፤ ምን እንደሚበላሽ ጆሮው ይነግረዋል።

እዚህ ላይ ግን ለሐዋሳ ተብሎ መነገር ያለበት ነገር አለ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ለኔ የሚባሉት አራቱ ቅኝቶች ጠቃሚ መሣሪያዎች ናቸው፤ የኢትዮጵያን ሙዚቃ በሙሉ ይገልጻሉ ብሎ ማስተማር ግን ስሕተት ነው። የጋሞ ዶርዜዎች በብዙ ድምፅ ተደራርበው የሚያዜሙት ዜማ በእነዚህ አራት ስሞች አይያዝም። እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ በገባው በሲዳማ ዘመን መለወጫ በፍቼ ጫምባላላ ጊዜ ሕዝቡ ቄጣላ በሚባለው የጋራ ጭፈራ ሲሰለፍ የሚሰማው ጥሪና ምላሽ፣ የእግሩ ምትና የዜማው አካሄድ የራሱን ትንታኔ ይጠይቃል። ከዚያ ተነሥተው ዛሬ በስቱዲዮ የሚሠሩት የሲዳማ ዘመናዊ ዘፈኖች ከቄጣላው ምን እንደ ወሰዱና ምን እንደ ተዉ መመርመር ያለበት እዚሁ ነው። ይህን ሥራ አዲስ አበባ ያለው ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት እስኪሠራልን መጠበቅ የለብንም፤ ቋንቋውን የሚናገረው፣ አዛውንቱን የሚያውቀው፣ ለክረምት ዕረፍት ወደ መንደሩ የሚመለሰው እዚህ የሚማረው ተማሪ ነው።

ስለ ማስተማሪያው ዘዴም ጥቂት ልበል። ለንደን ውስጥ ለረጅም ዓመታት ያስተማሩት ሉሲ ግሪን የዘመናዊ ሙዚቃ ተጫዋቾች እንዴት እንደሚማሩ አጥንተው የደረሱበት፣ እነዚህ ሰዎች የሚወዱትን ዘፈን ራሳቸው መርጠው፣ ከቅጂ ላይ በጆሮ እያወጡ፣ ከጓደኞቻቸው ጋር እየተራረሙ እንደሚማሩ ነው። ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የሰርግ ባንድ ውስጥ ያለ ኪቦርድ ተጫዋች ዘፋኙ በፈለገው ቁልፍ ወዲያው የሚከተለው በጆሮው ሠልጥኖ ነው፤ የአብነት ተማሪም ዜማውን ከመምህሩ አፍ እየተቀበለ፣ እየደጋገመ፣ ምልክቱን ለማስታወሻ ይዞ ነው ያሬዳዊ ዜማን የሚያደርሰው። ይህን ስል ኖታ ይቅር ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ኖታ የሚያነብ ግን ወረቀት ሲነሣበት እጁ የሚያያዝ ተማሪ አለን፤ ሁሉን በጆሮ የሚጫወት ግን የሠራውን ቅንብር ለሌላ ሰው ጽፎ መስጠት የማይችል ወጣትም አለን። ሁለቱ በአንድ ክፍል ተቀምጠው እርስ በርስ ቢማማሩ ትልቅ ገንዘብ የማይጠይቅ ለውጥ ይሆናል።

በዚህ ከተማ የምታስተምሩ ሁሉ የምታውቁት አንድ ተቃውሞ አለ፤ ብዙ ወላጆች በሃይማኖታቸው ምክንያት ልጃቸው ዘፈን እንዲዘፍን አይፈቅዱም። ይህ ሊከበር የሚገባው ስሜት ነው፤ ማንም ልጅ የማይፈልገውን ዘፈን ለውጤት ሲል እንዲዘፍን መገደድ የለበትም። ነገር ግን ከተማችን ውስጥ ጊታርና ኪቦርድ የሚይዙ ብዙ ወጣቶች ጣታቸውን የፈቱት በቤተ ክርስቲያን የመዘምራን ቡድን ውስጥ ነው፤ መዝሙሩም የሚቀዳው ዘፈኑ በሚቀዳበት ዓይነት ስቱዲዮ፣ በተመሳሳይ መሣሪያና ብዙ ጊዜም በተመሳሳይ አቀናባሪ ነው። ስለዚህ ቅኝትን፣ ምትንና ቅንብርን ለመማር አንዱ ተማሪ ዘፈን፣ ሌላው መዝሙር፣ ሦስተኛው የእረኛ እንጉርጉሮ ይዞ ቢመጣ ትምህርቱ አይጎድልበትም፤ እንዲያውም ንጽጽሩ ያበለጽገዋል።

የከተማችን ዩኒቨርሲቲ ድርሻ ከዚህ የከበደ ነው። የ1960ዎቹና የ1970ዎቹን ቅጂዎቻችንን ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ (ሁሉም እ.ኤ.አ.) በተከታታይ አሰባስቦ ለዓለም ያደረሰው ኢትዮፒክ (Éthiopiques) የተባለው በፓሪስ የታተመ ስብስብ ነው። ምስጋና ይገባዋል፤ ነገር ግን ስለ ራሱ ዘፈን ማንበብ የሚፈልግ ተማሪ በአብዛኛው በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሲያገኝ ሊያሳስበን ይገባል። በካሴት ዘመን በየክልሉ ከተሞች የተቀዱ ዘፈኖች ደግሞ እዚያ ስብስብ ውስጥ አልገቡም። ቴፑ በሙቀትና በእርጥበት ይበላሻል፤ የተጫወቱትና ያቀናበሩትም በዕድሜ እየገፉ ነው። እያንዳንዱ የመመረቂያ ጽሑፍ ቢያንስ አንድ የተሟላ ቃለ መጠይቅና በዲጂታል የተገለበጡ ካሴቶችን ለቤተ መጻሕፍቱ እንዲያስረክብ ቢደረግ፣ ማን ከበሮ መታ፣ ማን ቤዝ ያዘ፣ ዜማው የማን ነው የሚለው ከሰው አፍ ብቻ የሚገኝ መረጃ ይተርፋል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ምንጩ ተጠቅሶ በተገቢው መጠን ለማስተማሪያ መጠቀምን ይፈቅዳል፤ ከባለመብቱ ፈቃድ ውጭ ቅጂውን በኢንተርኔት መልቀቅ ግን ሌላ ነገር ነውና ተማሪዎች ልዩነቱን ከመጀመሪያው ይወቁት።

የትምህርት ቤቶቻችሁ የዓመቱ በጀት ሲዘጋጅም አንድ ልመና አለኝ። ሁለት ኪቦርድ ለመግዛት ያሰባችሁ እንደሆነ አንዱን ትታችሁ በገንዘቡ ክራርና ዋሽንት፣ ከዚያም አንድ ጥሩ የድምፅ መቅጃ ግዙ፤ መቅጃውንም በርዕሰ መምህሩ ቁም ሣጥን ሳይሆን ተማሪ ፈርሞ ሊወስደው በሚችልበት ቦታ አስቀምጡት።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።