ከሞሉ በፊት
(ብሉሚንግተን፣ ሚኒሶታ ለተሰበሰቡ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች የቀረበ ንግግር፣ ሙሉ ቃል)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከኋላ ተቀምጣችሁ ስልካችሁን የምትነካኩ ልጆችም፣ እንደምን አመሻችሁ።

አዘጋጆቹ ስለምንኖርባት ከተማ ታሪክ እንድናገር ሲጠይቁኝ አንድ ወዳጄ ሳቀብኝ። «ብሉሚንግተን ደግሞ ምን ታሪክ አላት? ሞል አላት፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ናት፣ በቃ!» አለኝ። ሞል ያለው ሞል ኦፍ አሜሪካ የሚባለውን ግዙፍ የገበያ ማዕከል ነው። አልፈረድኩበትም። እኔም 494 በሚባለው አውራ ጎዳና ዳር ባለ ሆቴል የሌሊት ፈረቃ ስሠራ ሦስት ዓመት ሙሉ ከተማዋን የማውቃት በአውቶቡስ መስኮት ነበር። እንግዳ ሲመጣብን የምንወስደው ሞል፣ አገር ቤት ፎቶ የምንልከው ከዚያው ከሞል። ስለዚህ ዛሬ የማወራው ሞሉ ከመቆሙ በፊት ስለነበረው ነው። ቀኖቹንም ዓመቶቹንም በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጠራለሁ፤ እዚህ ያለው መዝገብ ሁሉ በዚያ ነውና።

ከደቡብ በኩል ከተማችንን የሚያዋስናት የሚኒሶታ ወንዝ ነው። ስሙ የዳኮታ ሕዝብ ቃል ነው፤ «ምኒ» በቋንቋቸው ውኃ ማለት ነው። በ1843 ጊዲዮን ፖንድ የሚባል ከኮኔቲከት የመጣ ሚስዮናዊ፣ «የደመና ሰው» ከሚባለው የዳኮታ አለቃና ከወገኖቹ ጋር ከወንዙ በላይ ባለው ከፍታ ላይ ሰፈረ። ይህ ሰውና ወንድሙ ሳሙኤል፣ በቃል ብቻ ይነገር ለነበረው የዳኮታ ቋንቋ የጽሕፈት ፊደል ያዘጋጁ ናቸው። እኛ በፊደል ገበታ ያደግን ሰዎች ይህን ነገር ቀለል አድርገን አናየውም። ፖንድ በ1856 የሠራው የጡብ ቤት እስከ ዛሬ ቆሟል፤ ከብዙዎቻችሁ ቤት በመኪና ሩብ ሰዓት አይርቅም።

ግን ቤቱ ሲሠራ ዳኮታዎቹ እዚያ አልነበሩም። በ1851 በተፈረሙት ውሎች የደቡብ ሚኒሶታን መሬት አስረክበው ወንዙን ተከትለው ወደ ላይ እንዲሄዱ ተደርገዋል። ቃል የተገባላቸው ገንዘብ በጊዜውም በሙሉም አልደረሳቸውም። በ1862 ረኃብና ቁጣ ጦርነት ወለደ፤ በታኅሣሥ ወር ማንኬቶ ላይ 38 የዳኮታ ሰዎች በአንድ ቀን ተሰቀሉ፣ በዓመቱ ደግሞ ሕዝቡ ከግዛቲቱ እንዲወጣ በሕግ ተወሰነ። ዛሬ ከወንዙ ማዶ፣ ፕራየር ሌክ አካባቢ የዳኮታ ማኅበረሰብ አለ። ሚስቲክ ሌክ ካዚኖ የእነሱ ነው። ብዙዎቻችን ስሙን በካዚኖው እንጂ በባለቤቶቹ አናውቀውም።

ብሉሚንግተን በታውንሺፕነት፣ ማለትም በገጠር ቀበሌነት፣ የተቋቋመችው ግንቦት 11 ቀን 1858 ነው። ሚኒሶታ ራሷ ግዛት የሆነችውም በዚያችው ቀን ነው። ዘመኑን ለመለካት ያህል፣ አፄ ቴዎድሮስ ከነገሡ ሦስት ዓመት ገደማ ማለት ነው። ስሙን ያመጡት ከኢሊኖይ የፈለሱ ገበሬዎች ናቸው፤ እዚያም ብሉሚንግተን አለቻቸው። ሰው ሲሰደድ የአገሩን ስም በኪሱ ይዞ ይሄዳል፤ እኛም በየምግብ ቤቱ ደጃፍ እያደረግነው ነው። ከዚያ በኋላ ለዘጠና ዓመት ያህል እምብዛም የሚነገር ነገር የለም። አትክልት ይዘራል፣ ወደ ሚኒያፖሊስ ገበያ ይጫናል። በ1892 የማዘጋጃ አዳራሽ ተሠራ፤ እሱም አሁን ድረስ አለ።

ከዚያ የሆነውን ነገር በቁጥር ልንገራችሁ። በ1950 በተደረገው ቆጠራ የከተማዋ ሕዝብ 9,902 ነበር። በ1960 50,498 ሆነ። በስልኬ አሰላሁት፤ በአማካይ በየቀኑ አሥራ አንድ ሰው፣ ቅዳሜና እሑድ ሳይቀር፣ አሥር ዓመት ሙሉ!

ምን አመጣቸው? ወታደሮቹ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተመልሰዋል፣ አግብተዋል፣ ልጅ በልጅ ላይ ወልደዋል። መንግሥት ለተመላሽ ወታደር የቤት ብድር ዋስትና ይሰጣል። መሬቱ ረባዳና ርካሽ ነው። አውራ ጎዳናው ወደ ደቡብ እየመጣ ነው። ባለ አንድ ፎቅ፣ ቤዝመንት ያለው፣ እዚህ «ራምብለር» የሚሉት ቤት እንደ አሸን ፈላ። ግማሾቻችሁ ዛሬ የምትኖሩት በእነዚያ ቤቶች ነው። ጠባብ ነው፣ መታጠቢያ ቤቱ አንድ ነው እያላችሁ የምታማርሩበት ቤት አምስት ስድስት ልጅ ያሳደገ ነው።

ጎረቤቴ የነበሩ አንዲት አሮጊት በ1957 ነበር የገቡት። መንገዱ አስፋልት ስላልነበረው በበረዶ ማቅለጫ ወቅት ልጆቻቸው ቦት ጫማቸውን ጭቃው ውስጥ ትተው በካልሲ ይመለሱ እንደነበር ነግረውኛል። ውኃው ከየግቢው ጉድጓድ፣ ፍሳሹም ወደዚያው ግቢ ወደ ተቀበረ ሴፕቲክ ታንክ። መጨረሻው ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። በሚኒያፖሊስ ዙሪያ ባሉ አዳዲስ ከተሞች የጉድጓድ ውኃ በፍሳሽ መበከሉ ሲታወቅ ትልቅ ድንጋጤ ሆነ። በ1967 ሜትሮፖሊታን ካውንስል የተባለው የአካባቢው የጋራ ምክር ቤት እንዲቋቋም ካስገደዱት ነገሮች አንዱ ይኸው የፍሳሽ ጣጣ ነው። ዛሬ አውቶቡሱንም ባቡሩንም የሚያስተዳድር ይህ መሥሪያ ቤት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ሳልጠይቅ አላልፍም። እነዚያ በቀን አሥራ አንድ የገቡት ሰዎች እነማን ነበሩ? ከሞላ ጎደል ሁሉም ነጮች። በሄነፒን ካውንቲ፣ ማለትም ከተማችን ባለችበት የአስተዳደር ወረዳ፣ ቤቱ ለጥቁር እንዳይሸጥ የሚከለክል ቃል የተጻፈባቸው የንብረት ሰነዶች በብዙ ሺህ ነበሩ። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ በአንድ አንብበው በካርታ ላይ አስፍረዋቸዋል። የሚኒሶታ ምክር ቤት እንዲህ ያለ ቃል በአዲስ ሰነድ ላይ እንዳይጻፍ የከለከለው በ1953 ነው። ብሉሚንግተን ከታውንሺፕ ወደ ቪሌጅ፣ ማለትም ወደ ትንሽ ከተማነት፣ ያደገችውም በዚያው ዓመት ነው። ቤት በመሸጥ ረገድ በዘር ማዳላትን በመላ አገሪቱ የከለከለው የፌደራል ሕግ ግን እስከ 1968 ቆይቷል። የቤታችሁን የቆየ ሰነድ ማየት የምትፈልጉ ካላችሁ ካውንቲው ያሳያችኋል።

ወደ ስታዲየሙ ልለፍ፤ ልጆቹ የሚጠብቁት እሱን ነው። በ1956 የእርሻ ማሳ በነበረ ቦታ ላይ ሜትሮፖሊታን ስታዲየም ተከፈተ። በ1961 ከዋሽንግተን የመጣው የቤዝቦል ቡድን ትዊንስ ተብሎ ገባበት፤ አዲሱ የፉትቦል ቡድን ቫይኪንግስም በዚያው ዓመት ጀመረ። የ1965 በጋ የከተማዋ ሠርግ ነበር ማለት ይቻላል። የኮከቦች ግጥሚያ እዚህ ተደረገ፣ ነሐሴ ላይ ቢትልስ መጥተው ዘፈኑ፣ በመከር ትዊንስ ለዋንጫ ደርሰው በሰባተኛው ጨዋታ ዶጀርስ በሚባለው ቡድን ተሸነፉ። በ1967 ሃርመን ኪልብሩ የሚባለው ጉልበተኛ ኳሷን 520 ጫማ አሻግሮ መታት፤ 158 ሜትር ግድም መሆኑ ነው።

ታዲያ ያ ሁሉ ሃያ አምስት ዓመት ብቻ ነው የቆየው። ቡድኖቹ በ1982 ሚኒያፖሊስ መሐል ወደ ተሠራው ጣሪያ ያለው ስታዲየም ሄዱ። የእኛው ስታዲየም በ1985 ፈረሰ። የበረዶ ሆኪው ቡድን ኖርዝ ስታርስም በ1993 ወደ ዳላስ ተሰደደ።

እንግዲህ ኤርፖርት አጠገብ፣ ሁለት አውራ ጎዳና የሚገናኝበት፣ 78 ኤከር ባዶ መሬት ተረፈ። ይህን ያዩት ካናዳ ውስጥ በኤድመንተን ግዙፍ ሞል የሠሩት የጌርሜዚያን ወንድማማቾች ናቸው። ከኢራን የተሰደደ የምንጣፍ ነጋዴ ልጆች ናቸው። ሞል ኦፍ አሜሪካ ነሐሴ 11 ቀን 1992 ከሦስት መቶ በላይ ሱቆች ይዞ ተከፈተ። ብዙ ሰው አይሳካም ብሎ ነበር። ነገር ግን ሚኒሶታ ልብስ ላይ የሽያጭ ታክስ አትጥልም፤ ከአጎራባች ግዛቶች በመኪና፣ ከሩቅ በአውሮፕላን ሰው ጎረፈ። አንድ የሚገርም ነገር አለ፤ የሞሉ መሐል አዳራሽ በዚህ ሁሉ ብርድ እንደሌላው ሕንፃ በማሞቂያ አይደለም የሚሞቀው። የጣሪያው መስታወት የሚያስገባው ፀሐይ፣ መብራቱና የእኛው የገበያተኞች ገላ ሙቀት ይበቃዋል።

አሁን ደግሞ ስለ ታክስ። እንዳትተኙብኝ፤ ለእኔ የዚህች ከተማ ታሪክ ጣዕሙ እዚህ ነው። «ብሉሚንግተን በሞሉ ታክስ ትንበሸበሻለች» ሲባል ሰምታችኋል። ሙሉ እውነት አይደለም። በ1971 ሚኒሶታ አንድ ሕግ አወጣች። በሚኒያፖሊስ አካባቢ ባሉት ሰባት ካውንቲዎች ያለ እያንዳንዱ ከተማ፣ ከዚያ ዓመት ወዲህ የንግድና የኢንዱስትሪ ንብረቱ የግብር መሠረት፣ ማለትም ግብር የሚታሰብበት ዋጋ፣ ካደገው ውስጥ 40 በመቶውን ለጋራ ቋት ያዋጣል። ቋቱ መልሶ የሚከፋፈለው በሕዝብ ብዛትና በአቅም ነው፤ አቅሙ ያነሰ የበለጠ ያገኛል። ጎረቤታችን በርንስቪል ተቃውማ እስከ ግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዳ በ1974 ተሸነፈች። በእኛ ቋንቋ እድር በሉት፤ ሁሉም ያዋጣል፣ ችግሩ የከበደበት ደግሞ ይረዳል። ብሉሚንግተን በዚህ እድር ውስጥ ከምታገኘው አብልጠው ከሚያዋጡት ግንባር ቀደሞች ናት። ሞል ውስጥ የምትገዙት ጫማ ሱቁ ያለበትን ሕንፃ ያቆማል፣ የሕንፃው ግብርም በከፊል ሄዶ የሌላ ከተማ መንገድ ይጠግናል። እኔ በበኩሌ ይህን ሕግ ያወጡ ሰዎች ሐውልት ቢቆምላቸው አልቃወምም።

ወደ ቁጥሩ ልመለስና ላብቃ። በ1970 የከተማዋ ሕዝብ 81,970 ደርሶ ነበር። በ2010ስ? 82,893። በአርባ ዓመት የተጨመረው 923 ሰው! ባዶ መሬት አለቀ፤ ልጆቹ አድገው ወጡ፣ ወላጆቹ በዚያው ቤት ሁለት ሆነው ቀሩ። ትምህርት ቤቶች ተራ በተራ ተዘጉ። በወረቀት ላይ ካያችሁት ከተማዋ የተኛች ይመስላችኋል። ከውስጥ ግን ሰዉ እየተቀየረ ነበር። ሶማሌው፣ ሜክሲኮው፣ ቬትናሙ፣ እኛም መጣን። በ2004 ባቡሩ ኤርፖርትን ከሞል ሲያገናኝ መኪና ሳይኖረን ሁለት ሥራ መያዝ የቻልን ሰዎች እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለን፤ እጅ አውጡ አልልም። በ2020 ቆጠራ ቁጥሩ 89,987 ሆነ፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ቆጠራዎች እዚህ ደርሶ አያውቅም።

ለዚህ ለውጥ አንድ ሕንፃ ምስክር ልጥራ። ዳር አል-ፋሩቅ የተባለው መስጊድ የሚገኝበት ቤት ቀድሞ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። ነሐሴ 5 ቀን 2017 ንጋት ላይ፣ ሰዎች ለጸሎት ተሰብስበው ሳለ ከኢሊኖይ የመጡ ሰዎች በመስኮት ቦምብ ወረወሩበት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ የተጎዳ ሰው አልነበረም። በቀናት ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጎረቤቶች በመስጊዱ ሜዳ ላይ ተሰበሰቡ። ኢሊኖይ ስንል አስታውሱ፤ የከተማችንንም ስም ያመጡት ከዚያው ነበር።

በመጨረሻ ማስታወቂያ አለኝ። ለልጆች፦ ሞል ውስጥ መጫወቻው ጋ ወለሉ ላይ የድሮው ስታዲየም ሆም ፕሌት፣ ማለትም ኳስ መቺው የሚቆምበት፣ የነበረበት ቦታ ምልክት አለ። እሱ ላይ ቆማችሁ በማዶው ግድግዳ ከፍ ብሎ የተሰቀለውን ቀይ ወንበር ፈልጉ፤ የኪልብሩ ኳስ ያረፈችው እዚያ ነው። ለአዋቂዎች፦ የፊታችን ቅዳሜ ከሰዓት የፖንድን ቤት ከውጭ አይተን ወደ ወንዙ ለመውረድ አስበናል። መኪና የሌላችሁ ከንግግሩ በኋላ እኔ ጋ ተመዝገቡ፤ ሰባት ሰው እጭናለሁ። ወንዙ ዳር ገና አልደረቀምና ነጭ ጫማ እንዳታደርጉ።

ቡናው ደርሷል መሰለኝ፤ ሽታው መጣ። አመሰግናለሁ።